«ኃይለኛ መምህር» የሚባለው የትኛው ነው?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተገለጸ ቁጥር ባሕር ዳር ላይ አብሮ የሚነሣ ክርክር አለ። በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ከ2016 ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ቢልም፣ ከአሥር ተፈታኝ ዘጠኙ አሁንም ግማሹን ውጤት አላገኘም። ለዚህ በብዛት የሚሰጠው ማብራሪያ አጭር ነው፤ «ድሮ ኃይለኛ መምህር ነበረ፤ አሁን ጠፋ»።

በወላጆች ስብሰባ ይባላል፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይባላል፤ ከሽምብጥ እስከ ፋሲሎ ቡና በተፈላበት ሁሉ ይባላል። ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ይስማማበታል። ነገር ግን ሰዎቹ የተስማሙት በቃሉ እንጂ በነገሩ አይደለም። አንዱ አባት የሚያስበው አርጩሜ ይዞ በር ላይ የሚቆመውን መምህር ነው። ሌላዋ እናት ያላወቀ ተማሪ የማያሳልፈውን ማለቷ ነው። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ደወል ሲደወል ክፍል ውስጥ የሚገኝ፣ ክፍለ ጊዜ የማያባክን መምህር ማለቱ ነው። ተስማምተው ይበተናሉ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ከሦስቱ የትኛውን እንዲያመጣ እንደተጠየቀ አላወቀም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቀላሉ ይሆናል። ቀላሉ ደግሞ አርጩሜው ነው።

ቃሉ ስንት ሰው ይሸከማል?

«ኃይለኛ» ሰፊ ቃል ነው። ዝናብም ክርክርም ኃይለኛ ይባላል፤ ጎበዝ ተማሪም «ኃይለኛ ነው» ይባልለታል። ስለ መምህር ሲነገር ቢያንስ አራት ሰው በአንድ ስም ይጠራበታል። የመጀመሪያው የሚፈራው ነው፤ የሚቆጣ፣ የሚማታ፣ የሚያንበረክክ። ተማሪዎች ይህንን «ነብር» ይሉታል። ሁለተኛው ሥርዓት የሚያስከብረው ነው፤ ሳይጮህ ክፍሉን ጸጥ የሚያሰኝ፣ ኮስታራ ወይም ቆፍጣና የሚባለው። ሦስተኛው በትምህርቱ የማይደራደር ነው፤ ያልተሠራ የቤት ሥራ የማያልፍ፣ ማርክ የማያድል፣ ፈተናው የሚከብድ። አራተኛው ትምህርቱን ጠንቅቆ የሚያውቀው ነው፤ «ኃይለኛ የፊዚክስ አስተማሪ» ሲባል ብዙ ጊዜ ችሎታው እየተመሰከረለት ነው።

አራቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ግን የግድ አብረው አይሄዱም። የሚማታ ሆኖ የተማሪ ደብተር ገልጦ የማያይ መምህር አለ። የሚያንበረክክ ሆኖ ራሱ ዘወትር የሚያረፍድ አለ። ዓመቱን ሙሉ ሲቆጣ ቆይቶ በዓመቱ መጨረሻ ለሁሉም ማርክ ሞልቶ የሚያሳልፍም አለ። ይህ ሰው በተለምዶ አነጋገር «ኃይለኛ» ነው፤ በትምህርቱ በኩል ግን ከሁሉ የላላ ነው። በአንጻሩ ድምፅዋ ከፍ ሲል ተሰምቶ የማያውቅ፣ ነገር ግን ያልገባውን ልጅ ሳይገባው የማትለቅ መምህርት አለች፤ እርሷን ደግሞ «ለስላሳ ናት» ይሏታል። ቃሉ እነዚህን ሁለቱን አገላብጦ ነው የሚያሳየን።

አንድን መምህር በየትኛው ትርጉም ኃይለኛ እንደሆነ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፤ ከክፍል ሲወጣ የሚሆነውን ማየት። የሚፈራው መምህር ለ5 ደቂቃ ቢወጣ ክፍሉ ይገለበጣል፤ ጸጥታው የቆመው በሰውየው መገኘት ላይ ስለሆነ ነው። ሥራ የሚጠይቀው መምህር ሲወጣም ጫጫታው ይነሣል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ እስክሪብቷቸውን አይጥሉም። የጀመሩት ሥራ ነገ እንደሚታይ ያውቃሉ።

የኔታ በምን ነበር ኃይለኛ?

በጣና ዙሪያ ስለ ኃይለኛ መምህር ሲነሣ የኔታን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በዘጌና በደሴቶቹ ገዳማት፣ ከዚያም አልፎ ቅኔ በሚነገርበት በዋሸራ፣ ትምህርት ለዘመናት የቆመው «የእኔ ጌታ» ተብሎ በሚጠራው መምህር ላይ ነው። አርጩሜ በየኔታ ቤት እንደነበረ መካድ አይቻልም፤ መካድም አያስፈልግም። መጠየቅ ያለበት ግን ትምህርቱን ያጠበቀው አርጩሜው ነበር ወይ የሚለው ነው።

ፊደል ቤት የገባ ልጅ መጀመሪያ ከሀ ጀምሮ በተራ ይቆጥራል። ልጆች ቶሎ ያጠኑታል፤ ዜማ ስላለው አፍ ይለምደዋል። ችግሩም እዚያው ነው፤ አፉ የለመደው ልጅ ዓይኑ ፊደሉን ሳያውቅ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አቡጊዳ ይሰጠዋል። አቡጊዳ ያው ፊደል ነው፤ ተራው ግን ተዛውሯል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ በየቤቱ ይዘላል። በቃሉ ብቻ ይዞ የመጣ ልጅ እዚህ ላይ ይቆማል፤ የኔታም የት ላይ እንደቆመ ወዲያው ያያሉ። ያንን ሳይለይ ወደ መልእክተ ዮሐንስ አይሻገርም። መልእክቱንም አንድ ጊዜ አንብቦ አይተወውም፤ ፊደል በፊደል ከሚቆጠርበት ንባብ ተነሥቶ በግዕዝና በወርድ ንባብ አልፎ ቁም ንባብ እስኪደርስ ያንኑ ገጽ ይመላለስበታል። ዳዊት የሚመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ጀማሪው ባለ 2 ቤቱን፣ ማለትም ባለ 2 ስንኙን ጉባኤ ቃና የተባለ ቅኔ ይቆጥራል (ይደርሳል)፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩ ያርመዋል፣ ይጥለዋል ወይም ይቀበለዋል። ጉባኤ ቃና ሳይሆንለት ባለ 3 ቤቱን ዘአምላኪየ አይሞክርም፤ ባለ 8 ቤቱ መወድስ ሩቅ ነው። አንዱ ተማሪ በወራት የሚያልፈውን ሌላው በዓመት ያልፈዋል፤ ዓመት ስለሞላ ብቻ የሚሻገር ግን የለም።

በቁርአን ትምህርትም ተመሳሳይ አሠራር አለ። ደረሳው አንቀጹን በሉሕ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ በቃሉ እስኪይዘው ይደጋግመዋል፤ ለመምህሩ ያሰማል። ሲሳካለት ሉሑ ይታጠብና ቀጣዩ ይጻፍበታል። ካልተሳካለት ሉሑ አይታጠብም።

እንግዲህ በእነዚህ ቤቶች ጥብቅ የነበረው ነገር ሦስት አካል ነበረው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በየቀኑ ብቻውን ይሰማል። ሁለተኛ፣ ያላወቀ አይሻገርም። ሦስተኛ፣ ለማወቅ የሚሰጠው ጊዜ አልተቆረጠም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ተማሪው በዕድሜና በዓመት ተመድቦ፣ በክፍል ታጉሮ፣ በደወል መማር ስለጀመረ ሦስቱም ቀሩ። ሳይቀር የተሻገረው አርጩሜው ነው። ዛሬ ብዙ ሰው «የድሮው ኃይለኛነት» ብሎ የሚያስታውሰውም ያንኑ የተሻገረውን ክፍል ነው፤ ከጀርባው የነበረውን ዕለታዊ ማሰማትና ማረም አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው።

የቀድሞው አሠራር ዋጋ እንደነበረውም መታወቅ አለበት። አንድ መምህር በዚያ መንገድ ብዙ ተማሪ ማብቃት አይችልም። መሐል ላይ የቀሩትን የሚቆጥር መዝገብም አልነበረም፤ የምናውቀው የዘለቁትን ነው።

60 ደብተር በ40 ደቂቃ

በትምህርት የማይደራደረው መምህር ለምን እንደጠፋ ለመረዳት ስለ ጠባይ ከማውራት በፊት ሒሳብ መሥራት ይጠቅማል። በመመዘኛው መሠረት በአንድ ክፍል ውስጥ መኖር ያለባቸው ተማሪዎች በአንደኛ ደረጃ 50፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ናቸው። በተግባር 60ና ከዚያ በላይ የሚሆንበት ክፍል ብርቅ አይደለም። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው እንበል። መምህሩ ለእያንዳንዱ ደብተር 30 ሴኮንድ ብቻ ቢሰጥ 60 ደብተር ለማየት 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ለማስተማር 10 ደቂቃ ይቀረዋል። ደብተሩን ሰብስቦ ቤቱ ወስዶ በ2 ደቂቃ አንዱን ቢያርም፣ 5 ክፍል የሚያስተምር ሰው 300 ደብተር ይሸከማል፤ ይኸውም 10 ሰዓት ነው። ስለዚህ የቤት ሥራ ይሰጣል፤ አይታይም። ተማሪውም እንደማይታይ በሁለተኛው ሳምንት ይደርስበታል።

ሁለተኛው ምክንያት የማርክ አሞላል ነው። ተከታታይ ምዘና የሚባለው ተማሪው በመጨረሻ ፈተና ብቻ ከሚለካ ይልቅ በየጊዜው በአጫጭር ጥያቄ፣ በቤት ሥራና በቡድን ሥራ እየተለካ ድክመቱ ቶሎ እንዲታይ የታሰበ አሠራር ነው። ሐሳቡ ከየኔታ ዕለታዊ ማሰማት ጋር አንድ ነው። በሥራ ላይ ሲውል ግን ብዙ ቦታ የማርክ መስጫ ሆነ። የቡድን ሥራውን አንዱ ይሠራዋል፤ ስሙ የተጻፈለት ሁሉ እኩል ያገኛል። የደብተር ማርክ ደብተር ላለው ሁሉ ይሰጣል። ብዙ ተማሪ የጣለ መምህር ለምን እንደጣለ ሪፖርት ይጽፋል፤ ሁሉን ያሳለፈ ግን ምንም አይጠየቅም። በእንዲህ ያለ አሠራር ውስጥ ማርክ መሞላቱ የአንድ ሰው ስንፍና ሳይሆን ሁሉም የሚገፋበት አቅጣጫ ነው። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዘመን በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ተማሪ ሳይወድቅ እንዲያልፍ መደረጉም፣ ድጋፍ ያልተጨመረበት ሆኖ፣ ማንበብ ሳይችሉ 4ኛ ክፍል የሚደርሱ ልጆችን አበዛ።

ሦስተኛው ኩረጃ ነው። በ2008 ዓ.ም. ብሔራዊው ፈተና ቀድሞ ወጥቶ ተሰርዟል። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ የተደረገው ኩረጃን ለመዝጋት ነው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ተፈታኝ ይቀበላል። ያን ጊዜ በትምህርት ቤት ካርድና በፈተናው ውጤት መካከል ያለው ገደል ታየ። ለ12 ዓመት የላላው ነገር በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠብቆ መጣ። በመጨረሻው ሳምንት የሚመጣ ጥብቅነት ግን የሚያርመው ነገር የለም፤ ይለያል እንጂ አያስተምርም። የማካካሻ ትምህርት፣ ማለትም ሪሚዲያል የተባለው መርሐ ግብር የመጣውም ይህ ክፍተት አፍጥጦ ስለወጣ ነው።

የአማራ ክልልን ውጤት የሚመረምር ሰው ሌላም ነገር መርሳት የለበትም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ተጎድተዋል፣ ተማሪዎችም ዓመታት ባክነውባቸዋል። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበትን ልጅ ውጤት በመምህር መላላት ማስረዳት ከእውነት መራቅ ነው።

አርጩሜው ውስጥ ያለው ሥራ

ዱላ ምንም አይሠራም የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። ይሠራል፤ ጸጥታ ያመጣል፤ ያውም በቶሎ። ለዚህ ነው መምህሩ ደግሞ ደጋግሞ የሚያነሣው። የሚመጣው ጸጥታ ግን ምን ዓይነት ነው?

ሰሌዳ ፊት ቆሞ «7 ሲባዛ በ8» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ በአንድ እጁ ጠመኔ ይዟል፤ ዓይኑ ግን ከቁጥሩ ይልቅ በመምህሩ እጅ ላይ ነው። ሐሳቡ መልሱን ከመፈለግ ወደ መሸሽ ይዞራል። ገመታ ይጀምራል፤ «54… 63…»። ገምቶ ካገኘው ያልፋል፤ ለምን 56 እንደሆነ ግን አላወቀም። ካላገኘው ይመታል፤ አሁንም ለምን 56 እንደሆነ አላወቀም። በሁለቱም መንገድ የተማረው ሒሳብ የለም። ይህን ቁጭ ብለው የሚያዩት 59ኙ ደግሞ አንድ ነገር ይማራሉ፤ እጅ አለማውጣት። ያልገባው ተማሪ «አልገባኝም» ማለት ሲያቆም መምህሩ የማስተማሪያ ዋና ምልክቱን ያጣል፤ ክፍሉ ጸጥ ያለው ስለገባው ይሁን ስለፈራ የሚለይበት መንገድ የለውም።

ሦስተኛ ጉዳት አለው። የቤት ሥራ ያልሠራ ይመታል ከተባለ፣ ተማሪው የሚፈልገው ሠርቶ መገኘት ሳይሆን ሠርቶ መታየት ነው። ጠዋት ከሰልፍ በፊት በአጥሩ ሥር የሚደረገውን የደብተር ግልበጣ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ኩረጃ ፈተና ላይ አይጀምርም፤ እዚያ አጥር ሥር ነው የሚለመደው።

ሁኔታው ያለፈ ታሪክ አይደለም። ኢትዮጵያን ጨምሮ በአራት አገሮች ልጆችን ለዓመታት የተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» የተባለ ጥናት፣ በአገራችን ከተጠየቁት የ8 ዓመት ልጆች ሦስት አራተኛ ያህሉ ባለፈው ሳምንት ውስጥ መምህር ተማሪ ሲመታ ማየታቸውን እንደተናገሩ መዝግቧል። ይህም ድብደባ በሕግ ከተከለከለ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የልጆች መብት ስምምነትም የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብዓዊ ክብር የጠበቀ እንዲሆን ይጠይቃል። ግራ የሚያጋባው የወንጀል ሕጉ ነው። ልጅን ማንገላታት ያስቀጣል፤ በአግባቡ የማረምን መብት ግን አይነካም። አንዳንዶች ይህን «መጠነኛ ዱላ ይፈቀዳል» ብለው ያነቡታል። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ የበላይ ሕግ ነው፤ ትምህርት ቤትንም በስም ጠቅሶ ነው የከለከለው። መምህር ልጅ ማረም ይችላል፤ በዱላ ግን አይደለም።

የ«በእኛ ጊዜ» ክርክር

የአርጩሜ ደጋፊዎች ክርክር ተራ ናፍቆት ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ነጥባቸው ውጤት ነው፤ «እኛ ተገርፈን ተምረን ለቁም ነገር በቅተናል» ይላሉ። ይህ ክርክር የሚናገሩትን እንጂ የማይናገሩትን አይቆጥርም። ተገርፈው ትምህርት ጥለው የሄዱት በዚህ ውይይት ላይ የሉም። በዚያን ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ የሚደርሰውም ጥቂት ልጅ ነበር፤ ጥቂቶች ተመርጠው የደረሱበት ክፍል ሁሉም ከሚገባበት ክፍል ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ከዱላው ይምጣ ከመመረጡ አይታወቅም። መጽሐፈ ምሳሌም ይጠቀሳል፤ ከበትር የሚራራ ልጁን ይጠላል የሚለው። የዚያው ቁጥር ሁለተኛ ክፍል ግን ልጁን የሚወድ ተግቶ ይገሥጻል ይላል፤ ትጋቱ ብዙ ጊዜ ሳይጠቀስ ይቀራል።

ሁለተኛው ነጥባቸው ከበድ ይላል። መምህራን «ዱላውን ከእጃችን ወሰዳችሁ፤ በምትኩ ምን ሰጣችሁን?» ይላሉ። እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ክልከላው መጣ፤ 60 ልጅ ያለበትን ክፍል ያለ ዱላ መምራት እንዴት እንደሚቻል ግን በበቂ አልተሠለጠኑም። ወላጁ ቤቱ እየገረፈ መምህሩን «አትምታ» ይላል፤ ሌላው ወላጅ ደግሞ «ለምን አልመታህልኝም» ብሎ ይመጣል። ባሕር ዳር በመምህራን ማሠልጠኛነት የታወቀች ከተማ ናት፤ ሕዝቡ ዛሬም ፔዳ የሚለው ግቢ ስሙን ያገኘው በ1965 ዓ.ም. ከተቋቋመው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። የክፍል አመራር ሥልጠና ከዚህ ከተማ ቢጠበቅ አግባብ ነው። ተማሪው መብቱን አውቆ ግዴታውን አልተማረም የሚሉትም ከባዶ አልተነሡም። ሆኖም መብቱ የተሰጠው ስላጠና አይደለም፤ ስላላጠናም አይነጠቅም። የጎደለው ግዴታውን የሚያስፈጽም ሌላ አሠራር ነው።

ይህ ሳይለይ «ኃይለኛ መምህር ይመለስ» የሚለው ጥያቄ ከቀጠለ ሊከተል የሚችለውን መገመት አያስቸግርም። ትምህርት ቤቶች የሚታየውን ነገር ያጠብቃሉ፤ ፀጉር፣ ዩኒፎርም፣ የበር ሰዓት። የማይታየው፣ ማለትም የደብተሩ ውስጥ፣ እንደነበረ ይቀራል። ብሔራዊ ፈተናው ያንኑ ውጤት ያሳያል፤ ከዚያም የበለጠ ማጥበቅ ይጠየቃል።

ያለ ዱላ ጥብቅ የሆነ ክፍል እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ደንብ ነው፤ ከ4 ወይም ከ5 የማይበልጥ። «ሥርዓት ይኑራችሁ» ደንብ አይደለም፤ መጣሱና አለመጣሱ አይታወቅም። «ደወል ከተደወለ በ2 ደቂቃ ውስጥ ደብተር ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል» ግን ደንብ ነው። ለመጣሱ የሚከተለው ነገር ትንሽ፣ የታወቀና ለሁሉም እኩል መሆን አለበት። ደንቡ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት፣ የመምህር ልጅ ወይም ጎበዝ ተማሪ ሲጥሰው መምህሩ አይቶ ሲያልፍ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀጣው ሁሉ «ለእኔ ሲሆን ነው» ይላል።

ቀጥሎ የክፍለ ጊዜው መክፈቻ ይመጣል። መምህሩ ሲገባ 3 ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ሁለቱ ከትናንቱ ትምህርት፣ አንዱ ከባለፈው ሳምንት። ተማሪዎቹ 5 ደቂቃ ይሠራሉ። ጩኸት የሚበዛው ተማሪው ሥራ ፈትቶ መምህሩ ስም በሚጠራበት ሰዓት ስለሆነ ስም መጥራቱ በዚሁ 5 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ያለፈው ሳምንቱ ጥያቄ አይቅር፤ ተማሪ የተማረውን እንዳይጥል የሚያደርገው እርሱ ነው።

60 ደብተር ማየት ካልተቻለ 10 ማየት ይቻላል። የተማሪዎቹ ተራ ቁጥር በወረቀት ቁራጭ ተጽፎ ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል፤ በየቀኑ 10 ይወጣል፤ የወጣው ደብተሩን ያመጣል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፤ የወጣው ቁጥር ተመልሶ መግባት አለበት። ካልተመለሰ ትናንት የታየ ተማሪ ለቀጣዮቹ አምስት ቀናት እንደማይታይ ስለሚያውቅ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። 10 ደብተር በ30 ሴኮንድ 5 ደቂቃ ነው፤ ተማሪዎቹ መልመጃ ሲሠሩ ያልቃል።

ስሕተት የተገኘበት ሥራ በቀይ ተሰርዞ ብቻ አይመለስም፤ ተመልሶ ይሠራል። ማርኩ የሚመዘገበው ከተደገመ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ 10 ከ10 የሚገኝ ከሆነ በሁለተኛው እስከ 8 ሊሰጥ ይችላል፤ የደገመው እንዳይጎዳ፣ ቀድሞ የሠራውም እንዳይከፋው። ከየኔታ ቤት መመለስ ያለበት ይህ ነው። ሁሉንም ሥራ ማስደገም አይቻልም፤ በሳምንት አንድ፣ ዋናው ፅንሰ ሐሳብ ያለበት ይበቃል። ስድሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ስሕተት ከሠሩ ግን የሚደግመው መምህሩ ነው።

ሲጠየቅ ቅደም ተከተሉ ጥያቄ፣ ዝምታ፣ ስም ይሁን። ስሙ ቀድሞ ከተጠራ ሌሎቹ 59 ተማሪዎች ማሰብ ያቆማሉ። ዝምታው 10 ሴኮንድ ያህል ሊቆይ ይገባል፤ ለመምህሩ ረጅም ይመስላል፤ ለሚያስብ ልጅ ግን አጭር ነው።

ለረባሽ ተማሪ የሚወሰደው እርምጃ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። ንግግር ሳይቋረጥ ወደ ዴስኩ ጠጋ ማለት፤ ካልሆነ ዝቅ ባለ ድምፅ ለብቻው መንገር፤ ካልሆነ ከክፍለ ጊዜው በኋላ 3 ደቂቃ ማነጋገር፤ ከዚያ ለስም ጠሪው መምህር በጽሑፍ ማሳወቅ፤ ከዚያ ዩኒት ሊደር፤ ወላጅ ከዚህ በኋላ ነው። «ወላጅ አምጣ» በመጀመሪያው ቀን ከተባለ ኃይሉ ያልቃል፤ ልጁ ይፈራና ይቀራል፤ አለዚያም የሰፈር ሰው «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞ ይመጣል። ወላጁ በስልክ በትምህርት ቤቱ ቢጠራ፣ ሲመጣም የቃል ወቀሳ ሳይሆን ደብተሩና የተመዘገበው ቀን ቢቀርብለት ንግግሩ ይቀየራል።

የማይጠቅሙ ልማዶችም አሉ። ከክፍል ማስወጣት ለሰነፉ ሽልማት ነው። መጸዳጃ ማስጸዳት ሥራን ውርደት ያደርገዋል፤ ጽዳት የሁሉም ተራ መሆን ሲገባው። አንዱ ላጠፋው ክፍሉን በሙሉ መቅጣት ጥሩዎቹን ከአጥፊው ጋር ያሳድማል። በጠባይ ምክንያት ማርክ መቀነስ ደግሞ የማርኩን ትርጉም ያበላሻል፤ ካርዱ ላይ የተጻፈው 55 የሒሳቡ ይሁን የጫጫታው ወላጁ ሊያውቅ አይችልም።

የሰኞ ጠዋት አርፋጆች

በሩን በደወሉ መዝጋት ባሕር ዳርና አካባቢው ላይ በብዛት የሚወደስ እርምጃ ነው። ግቢው ጸጥ ይላል፤ ግን በሩ ውጭ የሚቀሩት እነማን እንደሆኑ መታየት አለበት። ከገጠር ቀበሌ መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ሄደው እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ጠዋት ስንቅ ይዘው ይመለሳሉ። እንጀራው፣ በሶው፣ ሽሮው የሳምንት ነው፤ ሳይዙ ቢመጡ ሳምንቱን አይዘልቁትም። ሐይቁን ተሻግሮ የሚመጣ ደግሞ ንፋስ ሲነሣ ይዘገያል። 3 ደቂቃ ያረፈደ ልጅ በሩ ሲዘጋበት 40 ደቂቃ ያጣል፤ በየሰኞው ሲደጋገም የአንድ ትምህርት የሰኞው ክፍለ ጊዜ ሁሉ ያመልጠዋል።

አርፍዶ የመጣ ይግባ፤ በሩ አጠገብ ባለው ዴስክ ይቀመጥ፤ ያመለጡትን 3 የመክፈቻ ጥያቄዎች በዕረፍት ሰዓት በ10 ደቂቃ ሠርቶ ያሳይ። የሰፈር ልጅ ይህን እንዳይጠቀምበት መዝገብ ይያዝ፤ በወር ሦስተኛ ጊዜ ያለ ምክንያት ያረፈደ ወደ ስም ጠሪው ይላክ። ስንቅ ይዘው የሚመጡት ደግሞ በዓመቱ መጀመሪያ ይመዝገቡ። የሳምንቱ ፈተና ሰኞ የነበረ ከሆነ ወደ ረቡዕ ይዛወር፤ ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜም አዲስ ምዕራፍ የሚጀመርበት ሳይሆን ያለፈው ሳምንት የሚከለስበት ይሁን። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ርዕሰ መምህሩ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ሲያወጣ ሰኞ ጠዋትን ማሰቡ ነው፤ ድልድሉ የሚወጣው በመስከረም ስለሆነ በኅዳር መጠየቅ ዘግይቷል።